አራት ቀን በበረዶ ሸርተቴ ቁልቁለት ላይ

ደሴ ያለችው እህቴ ደውላ፣ «አራት ቀን ሙሉ በረዶ ላይ ምን ስትሠሪ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ልነግራት ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ። ሁለተኛ ስትደውል የልጅ ልጇ አለቀሰባትና ሳንጨርስ ቀረን። እንግዲያው ልጻፍላት አልኩ። መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ግን ለእሷ ብቻ መሆኑ ቀረና፣ በረዶ ሲባል ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ሁሉ ሆነ።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ሲሆን ሆስፒታል ውስጥ ኤክስሬይ አነሣለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት የሥራ ባልደረቦቼ ለአንድ ቀን ስኪ ሊያስተምሩኝ ወደ ተራራ ወሰዱኝ። ስኪ ማለት ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ጣውላ የመሰሉ ነገሮች እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተት ነው። የዚያን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ወደቅኩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ አዋቂዎች ብቻ የሚወዳደሩበት ቡድን ውስጥ ገባሁ።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ ዘንጎች ይተከላሉ፤ በር ነው የሚሏቸው። ተወዳዳሪው አንዱን በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ እየዞረ እስከ ታች ይወርዳል። ባለፈው የካቲት ሦስተኛው በር ላይ ወደቅኩ። የጎድን አጥንቴ ተቀጠቀጠ፣ ጉልበቴ ተጠመዘዘ፣ ስድስት ሳምንት በክራንች ሄድኩ። ጉልበቴ ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ በር ሲመጣ እግሬ ሳላዝዘው ስኪውን አግድም አዙሮ ፍሬን ይይዛል። ባለቤቴ ካሳሁን በፊት ውድድር ባየ ቁጥር ከታች ሆኖ ፎቶ ያነሣኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ መጥቶ አያውቅም። አትሂጂ አላለኝም፤ ዝም አለ እንጂ። የካሳሁን ዝምታ ደግሞ ከክልከላ ይከብዳል።

ስለዚህ ቆረጥኩ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ቡድናችን ተራራ ላይ የሚያደርገው ልምምድ አለ፤ እዚያ ሄጄ ፍሬን ሳልይዝ መውረድ ካቃተኝ ስኪዬን ለሰው ሰጥቼ አርፋለሁ አልኩ። ይህን የነገርኩት ለጓደኛዬ ለዓለምፀሐይ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ከአሌክሳንድሪያ የተነሣሁት በዚህ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት፣ በእናንተ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ካሳሁን ስኪዎቹን የመኪናው ጣሪያ ላይ አሰረልኝ። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ እየጎተተ ሞከረው። ከዚያ «በይ በሰላም ግቢ» አለና ወደ ቤት ገባ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ ዓለምፀሐይ የአፓርታማዋ በር ላይ ሁለት ትራስ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ትልቅ ቦርሳ ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓለምፀሐይ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ አሁን አሁን አዳዲስ ሹፌሮችን የምታሠለጥነው እሷ ናት። ስኪ አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። ከእኔ ጋር ለመሄድ ብቻ ቬኬሽን ወስዳለች።

«አራት ቀን ነው የምንቆየው» አልኳት ትራሶቹን እያየሁ።

«የሰው ቤት ትራስ አንገቴን ያመኛል» አለችና ቁልፉን ከእጄ ተቀበለች። «ዞር በይ፤ ፓሴንጀር ሆነሽ ተቀመጪ። አንቺ ስትነጂ ልቤ ይወልቃል።»

መንገድ ሳንጀምር እዚያው ሰፈር የሐበሻ መደብር ገባን። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ገዛሁ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሥጋም ወተትም አልበላም፤ በተራራ አገር ደግሞ የጾም ምግብ እንደማላገኝ ካለፈው አውቃለሁ። ዓለምፀሐይ በአማርኛ በሚያመልክ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምር ናት፤ ይህን ጾም አትጾምም። ሃያ ዓመት ስንዋደድ በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም፤ ጾም ሲመጣ ብቻ ትቀልድብኛለች። ሒሳብ የምትቀበለው ሴት በሶውን ከረጢት ውስጥ እያስገባች፣ «ለመንገድ ነው?» አለችኝ።

«ለስኪ ውድድር ልምምድ ነው።»

ሴትዮዋ በሶውን አየች፣ እኔን አየች። «እግዜር ይርዳሽ እንግዲህ» አለች።

ቤልትዌይ የሚሉት ከተማውን የሚዞረው መንገድ እንደ ልማዱ ተጨናንቆ አንድ ሰዓት ያህል አቆየን። ፍሬድሪክ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ተራራው ጀመረ። እኔ ደሴ ተወልጄ ሐረጎን በአውቶቡስ ስወርድ ስወጣ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ቁልቁለት አያስደንቀኝም። ሐረጎ ላይ ግን ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ ያዘነብላል፣ እናቶች ስመ ሥላሴን ይጠራሉ። እዚህ መንገዱ ሰፊ፣ መታጠፊያው ዝግ ያለ ነው። ቁልቁለቱ መሐል ደግሞ ፍሬን ለጠፋበት የጭነት መኪና የተዘጋጀ፣ ወደ ዳገት የሚወጣ የአሸዋ መንገድ አለ። ዓለምፀሐይ ሳላየው እንዳያልፈኝ ፍጥነቷን ቀነሰችልኝ። «አየሽ፣ ፍሬን ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድመው አምነው ነው የሠሩት» አለች በሙያ አድናቆት።

በረዶ ግን የለም። ሜዳው ቡናማ፣ ዛፉ እርቃኑን የቆመ ነው። ከምናርፍበት ቤት አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን መንገድ የሚመራን ናቪጌሽን ወደ አንድ የጠጠር መንገድ አስገባን፤ መንገዱ የከብት አጥር ላይ ደርሶ አለቀ። ሃያ ሦስት ዓመት አውቶቡስ የነዳችው ዓለምፀሐይ መኪናውን ወደ ኋላ ስትመልስ የኋላ ጎማው ጭቃ ቦይ ውስጥ ገባ። ወርደን ጎማውን አየነው።

«ለመሥሪያ ቤቴ ሰው ብትነግሪ አንነጋገርም» አለች።

ለአከራዮቻችን ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ በትራክተር ከተፍ አሉ። ዌይን ይባላሉ፤ የምናርፍበት ቤት ባለቤት ናቸው። ሰንሰለቱን እያሰሩ፣ «በየዓመቱ ይህ ናቪጌሽን አምስት ስድስት እንግዳ ይልክልኛል» አሉ። «ትራክተሩን ልሸጠው ብዬ የተውኩት ለዚህ ነው።»

ቤታቸው ከእንጨት የተሠራ ነጭ ቤት ነው፤ ከጎኑ ባዶውን የቀረ የከብት በረት አለ። ሚስታቸው ሩት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ፈጣን፣ ድምፃቸው ትልቅ ሴት ናቸው። እግሬ ገና ከደጃፉ ሳይገባ ገበታው ቀርቧል፤ የአሳማ ሥጋ፣ በቅቤና በወተት የተፈጨ ድንች፣ አይብ የተነሰነሰበት አበባ ጎመን። ከሃፍረቴ ጋር ታግዬ ጾም ላይ መሆኔን ነገርኳቸው።

«ወተትም?» አሉ ሩት።

«ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ አርባ ዓመት ላም ያለብኩ ሴት ነኝ» አሉ። «ቤቴ ገብቶ ወተት አልጠጣም ያለኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ባላቸውን አይተው ሳቁ፤ ተነሥተውም ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ከአትክልታቸው በበጋ ያስቀመጡትን ባቄላ በጠርሙስ ይዘው ወጡ፤ በዘይትና በሽንኩርት ሠሩልኝ። እኔም በሽሮዬ አጠገብ በእንጀራ በላሁት። እናቴ ሰው ቤት ስትጋበዝ «ያልቀረበ ምግብ አይጠየቅም» ትል ነበር። እዚያ ማዕድ ላይ ግን ባልናገር ኖሮ ሩትን እንዲህ አላውቃቸውም ነበር። ዓለምፀሐይ የእኔንም የእነሱንም በላች።

ካሳሁን ኮል አደረገ። «ደረሳችሁ?» አለ። ደርሰናል አልኩት። «መኪናው ደህና ነው?» አለ። ደህና ነው አልኩት፤ ዓለምፀሐይ ከሶፋው ላይ በዓይኗ አስጠነቀቀችኝ። ስለ ስኪው ምንም አልጠየቀኝም።

ዓርብ

ጠዋት ስነሣ ትልቅ ጥፋት ማጥፋቴን አወቅኩ። የስኪ ቡቴን መኪናው ውስጥ ትቼው አድሬያለሁ። ይህ ቡት ከውጭ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ሌሊቱን ሲበርደው እንደ ድስት ደርቆ እግር አላስገባ አለ። ዓለምፀሐይ ከኋላ ያዘችኝ፣ እኔ ገፋሁ፤ አልሆነም። ዌይን ቡናቸውን አስቀምጠው የሩትን የፀጉር ማድረቂያ አመጡና ወለሉ ላይ ተንበርክከው ቡቱን ያሞቁልኝ ጀመር። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። እኔ ልንበርከክ ብል፣ «አንቺ ቁርስሽን ብዪ» አሉኝ። አገሬ ቢሆን ሽማግሌ ለእኔ ጫማ ሲንበረከክ ዝም ብዬ ብበላ ምድር ትውጠኝ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ በሶዬን በጠበጥኩ።

ልምምዱ ቦታ ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። ተራራው ሁሉ ቡናማ ሆኖ አንድ ቁልቁለት ብቻ ነጭ ነው፤ ሰው ነጠላውን ለማድረቅ ያሰጣ ይመስላል። በረዶው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ውሃ እየረጩ በረዶ የሚያደርጉ ትልልቅ ማሽኖች ከዳር ከዳር ያገሳሉ። ደሴ ላይ በረዶ ሲጥል ሰብል እንዳይመታ እንጸልያለን፤ እዚህ ኤሌክትሪክ ከፍለው ይሠሩታል።

አሰልጣኛችን ዳግ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። አሥራ ሁለት ሆነን ከበብናቸው። ከመካከላችን አንድ የጥርስ ሐኪም ገና ሰላም ሳይባባል፣ «ሰዓት የምንይዘው መቼ ነው?» አለ።

«በታኅሣሥ ማንም አያሸንፍም» አሉ ዳግ። «በታኅሣሥ እግር ነው የሚሠራው። የካቲት ላይ የሚያሸንፈው ያ እግር ነው።» ማሳውን ገና እያረሰ ምርቱን የሚቆጥር ገበሬ ትዝ አለኝና በሄልሜቴ ውስጥ ፈገግ አልኩ።

የዚያን ቀን በር የሚባል አልተተከለም። ስንወርድ የምንደገፍበትን የእጅ ዘንጋችንንም ሰበሰቡብን። ትምህርቱ አንድ ነገር ነው፤ የውጭው እግር። ወደ ግራ ስትዞር ክብደትህ ሁሉ ቀኝ እግርህ ላይ መሆን አለበት፤ ወደ ቀኝ ስትዞር ግራው ላይ። ሰውነት ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። ሲፈራ ወደ ተራራው፣ ወደ ውስጥ ይደገፋል፤ ያን ጊዜ ስኪው በረዶውን ይለቃል። ስለዚህ ዳግ የውስጡን እግራችንን ከበረዶው አንሥተን በአንድ እግር ብቻ እንድንዞር አዘዙን። ከመውረዳችን በፊት ደግሞ እያንዳንዳችንን ይጠይቃሉ።

«አንዷ ነገርሽ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«እጄን ወደ ፊት ማድረግ፣ ጉልበቴን ማጠፍ፣ የውጭውን እግር መጫን፣ ወደ ኋላ አለመደገፍ፣ ደግሞ አለመፍራት» አልኩ።

«አምስት ነገር ይዞ የወረደ አንዱንም አይዝም። ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሂጂና አንዷን መርጠሽ ነይ።» ልዞር ስል ጠሩኝ። «አለመፍራት የሚሠራ ነገር አይደለም። እግርሽ ሊሠራው የሚችለውን ምረጪ።»

ወደ መጨረሻ ሄድኩ። ተማሪ ሳለሁ ጥግ ያቆሙኝ ያህል ነበር የተሰማኝ። ተራዬ ሲደርስ፣ «የውጭው እግር» አልኩ። «ሂጂ» አሉኝ።

መጀመሪያ የውስጡን እግር ሳነሣ ወዲያው ተመልሶ ወደቀ። ሁለተኛም እንደዚያው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምልልስ ግን ግራ እግሬ ተነሥቶ ቀረ፤ በቀኜ ብቻ ዞርኩ። ስኪው በጠርዙ በረዶውን ቆርጦ ያዘ። ድምፁ ራሱ ተለወጠ፤ ጨርቅ ሲጎተት የመሰለው መፋቅ ቀረና መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ የመሰለ ሆነ። ታች ስደርስ ለማንም አልነገርኩም፤ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ። ሰውን በሽቦ እየጎተተ ወደ ላይ በሚመልሰው ተንጠልጣይ ወንበር ላይ ስወጣ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ያንን ድምፅ በጆሮዬ ደጋገምኩት። አጠገቤ የተቀመጠው የጥርስ ሐኪም ቆሎውን ቀምሶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ገብስ ነው አልኩት። ጥርስ እንደሚሰብር ቢነግረኝም እፍኝ ሙሉ ጨምሮ ወሰደ።

ማታ ሩት ምስር ቀቅለው ጠበቁን። ከጎረቤት ተበድረው ነው ያገኙት። ጨው አልባ ነበር፤ በርበሬ ከሻንጣዬ አወጣሁ። ዌይን በማንኪያ ጫፍ ቀምሰው ውሃ ጠጡ፤ ሩት ግን ሳህናቸውን ዘረጉልኝና «ጨምሪ» አሉ።

ቅዳሜ

በሮቹ ተተከሉ። ከላይ ሆኜ ቆጠርኳቸው። አሥራ አራት ናቸው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ትናንት በአንድ እግሬ ስዞር የዋልኩ ሴት ሦስተኛው በር ጋ ስደርስ ያው ሆንኩ። እግሬ አግድም ዞረ፣ በረዶው ተበተነ፣ ቆምኩ ማለት ይቻላል። ሁለተኛ ጊዜም ሦስተኛው ላይ። ሦስተኛ ጊዜም።

ዳግ በስልካቸው ቀርጸውኝ ነበር። አሳዩኝ። ወደ ኋላ ተደግፌ፣ እጄ ወርዶ፣ አገጬ ወደ ዘንጉ ተቀስሮ አየሁ። «ወደ ፊት እዪ» አሉኝ። ጠዋቱን ሙሉ ሲሉኝ የነበረው ይህንኑ ነው። ወደ ፊት እያየሁ ያለሁ ነው የሚመስለኝ።

ለምሳ ከቁልቁለቱ ግርጌ ወዳለው ማረፊያ ቤት ስገባ ዓለምፀሐይ በትልቁ መስኮት አጠገብ ትራሷን ወገቧ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ ስታየኝ ነው የዋለችው። ሽሮዬን ከፔርሙዝ ቀዳችልኝ። መብላት አቃተኝ። «ዓለም፣ አልቋል። እሑድ ሳይደርስ ብንመለስ ይሻላል» አልኳት።

እንጀራውን ቆርሳ ፊቴ አስቀመጠች። «ስኪ አላውቅም» አለች። «ያየሁትን ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«አዲስ ሹፌር ሳሠለጥን ጠባብ መንገድ ላይ እወስደዋለሁ። ፓርክ ያደረገ መኪና ሲያይ ይደነግጣል፤ ዓይኑ መኪናው ላይ ይቀራል። ዓይኑ ከቀረ እጁም ይከተላል። አውቶቡሱን አምጥቶ እዚያው መኪና ላይ ሊያስጠጋው ምንም አይቀረው። እኔ የምለው፣ መኪናውን አትይ፤ ክፍቱን እይ ነው። አውቶቡሱ የሚያልፈው በክፍቱ ነውና። አንቺ ያንን ዘንግ ነው የምታዪው፤ ከዚህ ሆኜ ሄልሜትሽ ሲዞር አያለሁ። ዘንጉ ምን ያደርግልሻል? መሄጃሽ ክፍቱ ነው።»

ዳግ በእንግሊዝኛ የነገሩኝ ነገር ነው። ስህተት አልነበረውም። ግን «ወደ ፊት» ሲሉኝ ፊት ለፊቴ ያለው ዘንጉ ነበር። «ክፍቱ» ስትለኝ በሁለት በሮች መካከል ያለውን ባዶ በረዶ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ መንገድ አሰብኩት። ሽሮዬን ጨረስኩ።

ከሰዓት በኋላ ዳግ አንዷ ነገርሽ ሲሉኝ፣ «ክፍቱ» አልኩ። ግራ ገብቷቸው አዩኝ፤ «በበሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረድኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ። ሦስተኛው ሲመጣ ዓይኔን ነጥቄ ከኋላው ያለው ነጭ ላይ ጣልኩት። የውጭው እግሬ ጸና። አራተኛ። አምስተኛው ላይ ደግሞ ያልጠበቅኩት ፍጥነት መጣና ስኪዎቼ ተጠላለፉ፤ ወደቅኩ። በጀርባዬ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ተንሸራተትኩ፤ አንዱ ስኪ ከእግሬ ወልቆ ብቻውን ቀረ።

መንሸራተቱ ሲቆም ሰማዩን እያየሁ ተኛሁ። ዘጠኝ ወር የፈራሁት ነገር ይኸው ሆነ። ጉልበቴን አጠፍኩት፤ ታጠፈ። ዘረጋሁት፤ ተዘረጋ። ጎኔን ነካሁት። ከዚያ ሳቄ መጣ፤ ማቆም አቃተኝ።

ዳግ ደርሰው በላዬ ቆሙ። «ምን ሆነ?»

«ወደቅኩ።»

«ከዚያስ?»

«ምንም።»

«በይ ተነሺ» አሉ ስኪዬን እያቀበሉኝ። «ይህን ግን እንዳትረሺው።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። ሁለቱን ጨረስኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቁልቁለቱ ሮዝ ሆኖ ነበር፤ በተንጠልጣዩ ወንበር ላይ ብቻዬን ስወጣ በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትን መዝሙር ጮክ ብዬ ዘመርኩ። የሰማኝ የበረዶ ማሽን ብቻ ነው።

እሑድ

የመጨረሻው ቀን ከሌሎች ሁለት ቡድኖች ጋር ትንሽ ውድድር ነበር። ለሻምፒዮና የሚቆጠር አይደለም፤ ግን ሰዓት ይያዛል፣ ቁጥር ይለበሳል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ዳግ ከመጀመራችን በፊት ሕጉን አስታወሱን፤ በር የዘለለ ሰው ተመልሶ ወጥቶ ያንን በር ከዞረ ይቆጠርለታል፣ ዝም ብሎ ከወረደ ግን አልጨረሰም። «ማንም ተመልሶ አይወጣም» አለ የጥርስ ሐኪሙ በጆሮዬ።

ዓለምፀሐይ ጠዋት አብራኝ አልመጣችም። ሩትና ዌይን ወደ ትንሿ ቤተ ክርስቲያናቸው ይዘዋት ሄደው ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሠላሳ የማይሞሉ ሽማግሌዎች ናቸው። መጋቢው እንግዳ ካለ ይነሣ ሲሉ ሩት በክርናቸው ጎነጧት። ተነሥታ በአማርኛ አንድ መዝሙር ዘመረች። ቃሉን ያወቀ የለም፤ ዜማውን ግን አውቀውት ኖሮ በእንግሊዝኛ ተቀበሏት።

የመጀመሪያውን ምልልስ ጨረስኩ። ሁለት ቦታ ፍሬን ይዣለሁ፤ ሰዓቴም ደካማ ነው። ግን ከየካቲት ወዲህ በውድድር ላይ መጨረሻውን መስመር ሳልፍ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ላይ ስወጣ ታች ከአጥሩ ጥግ ሦስት ሰዎች ቆመው አየሁ፤ ቀይ ኮፍያ፣ የሩት ሰማያዊ ካፖርት፣ ብርድ ልብስ የተከናነበችው ዓለምፀሐይ። ሩት በእጃቸው ከበረታቸው ያመጡትን ትልቅ የላም ቃጭል ይዘዋል። እዚህ አገር ተወዳዳሪን በቃጭል ማበረታታት ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ቃጭል ከብቱ ወዴት እንደሄደ ለማወቅ ነው፤ የሩትም ምናልባት ለዚሁ ይሆናል።

ሁለተኛው ምልልስ። አንድ ነገር ብቻ ይዤ ተነሣሁ። ስለዚያ መውረድ ብዙ መናገር አልችልም፤ ምክንያቱም ብዙ አላሰብኩም። ሦስተኛው በር መቼ እንዳለፈ አላውቅም። ያንን የመቀስ ድምፅ በግራም በቀኝም ሰማሁት። ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ አላውቅም። አሥራ ሦስተኛው ላይ ግን ፍጥነቱ ቀደመኝ። ዘግይቼ ዞርኩና ከበሩ በታች አልፌ ወረድኩ፤ ዘለልኩት።

ቆምኩ። የመጨረሻው መስመር ከእኔ በታች ሠላሳ ሜትር አይሞላም። ሁሉም ሰው እዚያ ነው። ዝም ብዬ ብወርድ ማንም ምንም አይለኝም፤ ከእኔ በፊት የወረደችው ሴትም ያንኑ በር ዘልላ ቀጥ ብላ ወርዳለች። ቀና ብዬ በሩን አየሁት። ከላዬ ስምንት፣ አሥር እርምጃ ነው።

ስኪ አስረው ዳገት አይወጡም። ጎን ለጎን፣ አንዱን እግር ከሌላው በላይ እያስቀመጡ፣ እንደ መሰላል ነው የሚወጡት። ጀመርኩ። በሁለተኛው እርምጃ ተንሸራትቼ ወደ ነበርኩበት ተመለስኩ። እንደገና ጀመርኩ። የውጭውን እግር ተጫንኩት፤ ያዘ። ትንፋሼ መነጽሬን ሸፈነው። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ እኔም እየወጣሁ ነው። ከዚያ ቃጭሉ ተጀመረ፤ በእርምጃዬ ልክ፣ አንድ እግር ሳነሣ አንድ ጊዜ። ቀጥሎ ሌሎችም ቃጭላቸውን አወጡ። በሩ ጋ ደርሼ እጄን ዘንጉ ላይ አሳረፍኩ፤ ዞርኩት። የቀረውን አንድ በር አልፌ መስመሩን ተሻገርኩ።

ዓለምፀሐይ አጥሩን አልፋ መጥታ በሁለት እጇ ሄልሜቴን ያዘች። ብርድ ልብሷን አወለቀችና አለበሰችኝ። ዳግ ቀስ ብለው መጡ።

«ክፍቱን አየሽው?» አሉኝ።

«ከአንዱ በቀር ሁሉንም።»

«ያ ጥሩ ቀን ነው» አሉና ወደ ቀጣዩ ተወዳዳሪ ዞሩ።

ሩት ስንለያይ ሦስት ጠርሙስ ባቄላ ሰጡኝ፤ በወፍራም ጽሑፍ «ያለ ቅቤ» ብለው ጽፈውበታል። እኔ የቀረኝን በርበሬ ተውኩላቸው። ዌይን ናቪጌሽኑን እንዳናምን አስጠንቅቀው እስከ አስፋልቱ በትራክተራቸው ሸኙን። ዓለምፀሐይ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትነዳ ጠዋት የተቀበሏትን መዝሙር ስታንጎራጉር ነበር። ትራሶቿን ተሸክማ ወደ አፓርታማዋ ስትገባ፣ «ለማንም አልነግርም፣ አንቺም አትንገሪ» አለችኝ፤ የቦዩን ጉዳይ መሆኑ ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ ይቅር ትበለኝ።

አሌክሳንድሪያ ስደርስ ካሳሁን ራት አቅርቦ ጠበቀኝ። ከመኪናው ጣሪያ ላይ ስኪዎቹን አወረደ። ተቀምጠን ግማሽ እንጀራ ያህል እስክንበላ ምንም አልጠየቀኝም።

«ስንተኛ ወጣሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ከአሥራ ስድስት ሴቶች አሥራ አምስተኛ።»

«አሥራ ስድስተኛዋ ምን ሆና ነው?»

«በር ዘለለች። አልጨረሰችም።»

«አንቺስ?»

«እኔም ዘለልኩ።»

እጁን ከትሪው አነሣ። «ታዲያ እንዴት ጨረስሽ?»

«ተመልሼ ወጥቼ ዞርኩት።»

«ዳገቱን?»

«ዳገቱን።»

«በዚያ ቡት? ስኪው እግርሽ ላይ እያለ?»

«አዎ።»

ካሳሁን መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። አኝኬ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«የሚቀጥለው ውድድር ቅዳሜ ነው ብለሽኝ አልነበር?» አለ። «ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?»